ምክንያት፦ ደክሞኛል

በአገራችን በብዛት ከሚጻፉና አንድም ቀን ተችተናቸው ከማናውቃቸው ድርሰቶች አንዱ የፈቃድ መጠየቂያ ፎርም ነው። ቅርጹ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ብዙ አይለያይም። የሠራተኛው ስም፣ የሥራ መደብ፣ የቀን ብዛት፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በፈቃድ ላይ ሳሉ የሚገኙበት ስልክ፣ ሥራውን የሚረከበው ሰው፣ የቅርብ ኃላፊ ፊርማ። መሃል ላይ ደግሞ አንዲት አጭር መስመር አለች፦ ምክንያት። ሌላው ሁሉ መረጃ ነው፤ ሥነ ጽሑፉ ያለው እዚህች መስመር ላይ ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬም ኮድ መጻፍ ነው። ሥነ ጽሑፍን የማውቀው እንደ ማንኛውም አንባቢ ነው። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ግን አንድ ልማድ አለው፤ ፎርም ሲያይ «ይህ ሳጥን ለምን አለ? መልሱን ማን ይጠቀምበታል? ባዶ ቢቀር ምን ይጎድላል?» ብሎ ይጠይቃል። ሳይሞላ የማያሳልፍ ሳጥን ባለበት ሁሉ ሰው ለሳጥኑ የሚስማማ መልስ ይፈጥራል። የልደት ቀን አስገድደህ ብትጠይቅ ስንቱ ተጠቃሚ ጃንዋሪ 1 ተወልዶ ታገኘዋለህ። ምክንያት አስገድደህ ብትጠይቅ ደግሞ አክስት ትሞታለች።

ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ይህችን አክስት ያውቃታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተቀበረች፣ አንዴ ጎጃም አንዴ ወለጋ የነበረች አክስት። ከእሷ ቀጥሎ ታይፎይድ አለ፤ ከታይፎይድ ቀጥሎ ጨጓራ። ከዚያ መታወቂያ ማደስ፣ ቤት መቀየር፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ፣ «አስቸኳይ የቤተሰብ ጉዳይ»። እነዚህ ሁሉ ያልፋሉ፤ ኃላፊውም የሚያምናቸው አይመስለኝም። ግን የዘውጉ ሕግ ስለሆነ ይፈርማል። በዚያ መስመር ላይ ተጽፎ አይቼው የማላውቀው አንድ ነገር ነው፦ ደክሞኛል።

ለምን እንደማይጻፍ ነው እዚህ የምጠይቀው። ሰው ጭንቅላቱ ሲዝል ሥራ ማቆም እንዳለበት የሚክድ የለም፤ ሐኪሙም ጎረቤቱም ይነግሩታል። የከበደን ማረፉ ሳይሆን ማረፉን ያለ ምስክር ማቅረብ ነው። ድካም ብቻውን ቆሞ አይታመንም፤ ሌላ ነገር ተደግፎ መምጣት አለበት።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። የሞተን ሰው በአክብሮት ስናነሳ «ዐረፈ» እንላለን። ስንክሳር የቅዱሳንን ሞት የሚዘግበው በዚሁ ግሥ ነው። ጋዜጣ ላይ «ዜና ዕረፍት» የሚል ርዕስ ያየ ሰው ስለ ሐይቅ ዳር ሎጅ ሊነገረው ነው ብሎ አይጠብቅም። አውሮፕላን ያርፋል፣ መንገደኛ ሆቴል ያርፋል፣ ዱላም ጀርባ ላይ ያርፋል። ሕፃን ሲረብሽ «እረፍ!» ይባላል፤ ጎረምሳ ሲያስቸግር «አርፈህ ተቀመጥ» ይባላል፤ ነገር የበዛበት ሰው «ኧረ አሳርፈኝ» ይላል። በአንድ ቃል ውስጥ ሞቱም ቁጣውም ዱላውም ተቀምጠዋል። በሕይወት ያለ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው፣ ስለደከመው ብቻ የሚያርፈው ዕረፍትስ? አለ፤ «እስቲ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» እንላለን። ግን ለግማሽ ሰዓት ነው። ለአሥር ቀን የሚሆን ቃል ስንፈልግ ቢሮው የሚያበድረን «ፈቃድ» የሚለውን ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ዓመት ፈቃድ። ፈቃድ የሚናገረው ስለ ሰጪው ውዴታ ነው፤ ስለ ተቀባዩ ድካም የሚለው ነገር የለም።

የሚገርመው፣ ለድካሙ ለራሱ ቋንቋችን ድሃ አይደለም። ደከመ፣ ዛለ፣ ታከተ፣ ሰለቸ፣ መረረ፣ ተንገፈገፈ። እነዚህ ተመሳሳይ ቃላት አይደሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ደረጃ አለው። የደከመው ሰው ተኝቶ ሲነሳ ይሻለው ይሆናል፤ የታከተው ግን ተኝቶም ያው ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1974 እ.ኤ.አ. «በርንአውት» የሚለውን ስያሜ ለሥራ ድካም አውሎ ጻፈበት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ ሦስት ገጽታ ሰጥቶ አስፍሮታል፤ የአቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ማንቋሸሽ፣ ውጤታማነት መውረድ። እኔ ይህን ሳነብ የመጣልኝ ዛልኩ፣ ታከተኝ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ የሚለው ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ግን «በርንአውት ሆኛለሁ» ነው የሚሉት። የውጭው ቃል የሚመረጠው አማርኛው ስለጎደለ አይመስለኝም። «ታከተኝ» የምትል ነፍስ ስንፍና ትመስላለች፤ «በርንአውት» ግን የምርመራ ውጤት ይመስላል። እሱም ያው ምስክር ነው፤ ከውጭ የመጣች አክስት በሉት።

ልቦለዶቻችንም ለደከመ ሰው ብዙ በር አልተዉም። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመውን «ከአድማስ ባሻገር»ን ያነበበ ሰው አበራ ወርቁን አይረሳውም። የተማረ ነው፣ የመንግሥት ሥራ አለው፣ ወንበሩም የሚያስቀና ነው። እሱ ግን ቢሮውን ትቶ ለጥበብ መኖር ይመኛል። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ አባተ ይህ ሊገባው አይችልም፤ ሰው እንዴት የተከበረ ሥራ ይዞ ይህን ያስባል? መጽሐፉን ስናነብ የምንይዘው ጎራ የታወቀ ነው፦ እንጀራ በአንድ በኩል፣ ተሰጥኦ በሌላ በኩል። ለሃምሳ ዓመት ያነበብነው እንዲሁ ነው።

እኔ ግን ሃያዎቹን እየጨረስኩ፣ ከቢሮ ማታ ገብቼ እንደገና ሳነበው፣ አበራ ውስጥ ያየሁት ከአርቲስቱ በፊት የደከመውን ሰው ነው። ነገሩ ሁሉ እንደ ግዴታ የሆነበት፣ የሚቀናበትን ሕይወት ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው። በዓሉ ይህን አይቶታል ብዬ አምናለሁ፤ ሰውዬውን በደንብ ሥሎታል። ክርክሩን ግን ለድካሙ አልሰጠውም። አበራ ለቤተሰቡ የሚያቀርበው ጥያቄ ጥበብን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ያለ ጥበብ ቢመጣ ኖሮ፣ ዝም ብሎ «ደከመኝ፣ ጥቂት ወር ልቀመጥ» ቢል ኖሮ፣ ልቦለድም አይወጣውም ነበር። ጋሽ አባተም የሚከራከረው አያገኝም ነበር፤ «ሰነፈ» ብሎ ይዘጋዋል። ሥራ ለማቆም ቢያንስ ሊቅ መሆን ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከዚያ በፊት በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብንወስድ ካሣ ዳምጤ አለ። ከአካባቢው ሥርዓት ጋር አልሄድም ያለ ሰው ነው፤ ስሙ «ጉዱ ካሣ» ሆነ። እብድ ስላሉት የፈለገውን መናገር ቻለ። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ከተለመደው ሩጫ መውጫው ሁለት በር ብቻ ይመስለኛል፤ ወይ ተሰጥኦ፣ ወይ እብደት። ሦስተኛው ገዳም ነው፤ አራተኛው የመጽሐፉ ርዕስ ላይ ተጽፏል። ተራ ሰው፣ ተራ ድካም ደክሞት፣ ተራ ዕረፍት አርፎ፣ ተመልሶ ሥራው የሚገባበትን ታሪክ ግን ስፈልግ አላገኘሁም። ምናልባት ድራማ ስለሌለው ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንፈልገው ግን ይህንኑ ድራማ የሌለውን ነገር ነው።

ወደ ፎርሙ ልመለስ። ከጀርባው ያለውን ሕግ ሳነብ፣ ሕጉ ከፎርሙ የተሻለ ደራሲ ሆኖ አገኘሁት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያ የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሠራተኛው ይህን መብት በስምምነት እንኳ ቢተወው ስምምነቱ አይጸናም። ይህ ከባድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «አልፈልግም» ብትልም ያንተ ነው ማለት ነው። አሠሪው መቼ እንደሚሰጥ ፕሮግራም ያወጣል እንጂ ለምን እንደፈለግከው ማስረዳት የመብቱ ቅድመ ሁኔታ አልተደረገም። ለሐዘን ለብቻው 3 የሥራ ቀናት አሉ፤ ለሕመም ደግሞ እስከ ስድስት ወር፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ለሕመሙ የሐኪም ማስረጃ ይጠየቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በርንአውትን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው አለው እንጂ በሽታ አላለውም። ስለዚህ የታከተው ሰው ለሕመም ፈቃዱ ጤነኛ ነው፣ ለሐዘኑ ሟች የለውም። የሚቀረው ዓመት ፈቃዱ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሕጉ ያልጠየቀውን ሳጥን ፎርሙ ይጠይቀዋል።

ባለፈው ዓመት ሳጥኑን እንዳለ ለመሙላት ሞከርኩ። ከወራት በፊት የጻፍኩትን ኮድ ስከፍት የማላውቀው ሰው የጻፈው ይመስለኝ ነበር። አንዱን መስመር አርባ ደቂቃ አየዋለሁ። ስልኬ ሳይጠራ ኪሴ ውስጥ የጠራ ይመስለኛል። ሰርቨር በሌሊት ሲወድቅ ከሚቀሰቀሱት አንዱ እኔ ነኝ፤ እሱ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ያልወደቀበት ሌሊትም እንቅልፍ አለመምጣቱ ነው። በቃ፣ አሥር ቀን ጠየቅኩ፤ «ምክንያት» የሚለው ላይ «ደክሞኛል» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ተመለሰልኝ። «ምክንያት ይገለጽ» ይላል።

የሰው ሀብት ክፍሏ ልጅ ደግ ሰው ናት፤ ወደ ጎን ወስዳ «የኔ ወንድም፣ 'የግል ጉዳይ' በለውና መልሰህ ላክልኝ» አለችኝ። «የግል ጉዳይ ከደክሞኛል በምን ይበልጣል?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ደክሞኛል እኮ ቅሬታ ይመስላል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ይህችን መልስ ሳስብ ከብዙ የሥነ ጽሑፍ ትንታኔ የበለጠች ሆና አገኘኋት። በአማርኛ «ሠራሁ» ስል ሠሪው እኔ ነኝ። «ደከመኝ» ስል ግን ባለቤቱ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ተሳቢ ነኝ፤ አንድ ያልተጠራ ነገር ነው ያደከመኝ። ሰለቸኝ፣ ታከተኝም እንዲሁ ናቸው። ባለቤቱ ስላልተጠራ አድማጩ ይፈልገዋል፤ ኃላፊ ከሆነ ደግሞ የሚያገኘው ራሱን ነው። «ደክሞኛል» የሚለው ወረቀት «አድክመኸኛል» ተብሎ ይነበባል። አክስቲቱ የምትጠቅመው ለዚህ ነው፤ አስታራቂ ናት፤ ማንንም አትከስም።

ማንንም ሳይከስ የሚመጣ ሌላም ምስክር አለ፤ ይህኛው የእኔ ሙያ ነው። በወረፋ ስሌት ውስጥ የታወቀ ውጤት ነው። አንድ መስኮት ብቻ ያለው ባንክ አስቡ፤ ደንበኛ በዘፈቀደ ይመጣል፣ የሚፈጀው ጊዜም ይለያያል። ገንዘብ ከፋይዋ ከሰዓቷ 50 በመቶውን ከተያዘች አንድ ሰው በአማካይ የሚጠብቀው የአንድ ደንበኛ መስተንግዶ ያህል ነው። 80 በመቶ ስትያዝ 4 እጥፍ ይሆናል፤ 90 በመቶ ስትያዝ 9፤ 95 በመቶ ስትያዝ 19። ወደ መቶ በተጠጋች ቁጥር ወረፋው ማብቂያ ያጣል። ስለዚህ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ማሽኑ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ እንዲያዝ አይፈልግም፤ ባዶው ቦታ ነው ሥርዓቱን የሚያቆመው። ይህን ግራፍ ለማናጀር ብታሳየው ይገባዋል፤ ለማሽኑ የሚፈቅደውን ለሰውም ሊፈቅድ ይችላል።

እኔም ደጋግሜ የተከራከርኩበት ነው፤ እውነትም ነው። ግን ደግሞ ልብ በሉ፤ ይህም ያው የቆመች ምስክር ናት። «አሳርፈኝ፣ የበለጠ እሠራልሃለሁ» ነው የሚለው። ለገሀርና ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ላይ የተደረደሩትን የስኬት መጻሕፍት ገልጠው ቢያዩ ሁለት ዓይነት ምክር ነው ያለው። አንዱ ሌላው ሲተኛ አንተ ሥራ ይላል። ሌላው ዘመናዊ ነው፤ በደንብ እንድትሠራ በደንብ ተኛ ይላል። የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ለሁለቱም እንቅልፍ የሥራ ሎሌ ነው። ነገ አንድ ሰው የታከተ ሠራተኛ የበለጠ ያመርታል የሚል ስሌት ቢያመጣ ሁለተኛው መጽሐፍ የሚመልሰው የለውም።

ምስክር የማያስፈልገው ዕረፍት አላወቅንም ወይ? አውቀናል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር ብለው ተነሱ፤ ለዚህም ተገፉ፣ ተሰደዱ። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ቀናት እንዲከበሩ ተወሰነ። የነገረ መለኮት ጉዳይ ነበር፤ እሱን ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ ቅርጹ ነው፤ ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ፣ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ ሥራ የሚያቆምበት ሥርዓት እንዲሰፋ ሰዎች ትውልድ ተሻግረው ተሟገቱ። በዚያ ሥርዓት ውስጥ «ለምን አረፍክ?» የሚል ሳጥን የለም። ሱባኤም ከዚህ ይጠጋል፤ ሰው ሰባት ቀን ወይም ሁለት ሰባት ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፤ «ሱባኤ ገባ» ከተባለ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ይህን የምለው የድሮውን ለማወደስ አይደለም። የቀን መቁጠሪያው ዕረፍት ለሁሉም እኩል አልደረሰም። በዓል ሲመጣ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ ሲቀመጥ ሴቷ ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ስትልጥ ነው የምታድረው። ደግሞም ድካም የቀን መቁጠሪያ አያይም፤ ማክሰኞ ሊመጣ ይችላል። ግን አንድ ነገር ያሳየናል። ዕረፍትን በችሮታ ብቻ ሳይሆን በሥርዓት ማሰብ ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም።

ፈቃዱ በመጨረሻ «የግል ጉዳይ» ተብሎ ተፈረመ። ሰፈር ውስጥ በሥራ ሰዓት ስታይ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ተባረርክ እንዴ?» ጓደኞቼ «ከአገር ልትወጣ ነው?» አሉ። ለደወለ ሁሉ «ደክሞኝ ነው» ስል መልሱ «አይዞህ፣ በርታ!» ነበር። ፍቅር ነው፤ ግን አስቡት፣ ለደከመው ሰው የምንሰጠው መልስ «በርታ» ነው። እናቴ ጋ ስሄድ ግን ምንም አልጠየቀችኝም። ወንበር ሳበችና ለእንግዳ የሚባለውን አለችኝ፦ «አረፍ በል።»

ይህች «አረፍ በል» ከ«እረፍ!» ጋር ሥሯ አንድ ነው፤ ትርጉሟ ግን ሌላ ነው። በር ለገባ ሰው ሁሉ የምትባል ናት። ከየት መጣህ፣ ምን ሠርተህ ደከመህ ከሚለው በፊት ትመጣለች፤ ወሬው ከተቀመጥክ በኋላ ይደርሳል። «ደከመኝ» በሰዋስው ከ«ራበኝ» እና ከ«ጠማኝ» ጋር ነው የሚሰለፈው፤ ራበኝ ያለን ሰው «ምክንያት ይገለጽ» ብሎ የመለሰ ቤት አላውቅም።

የፈቃድ ፎርሙን እንደገና ሥራው ብባል የማደርገው ትንሽ ነው። ስሙ፣ ቀኑ፣ ሥራውን የሚረከበው ሰው ይቆያሉ፤ ያስፈልጋሉ። በፈቃድ ላይ ሳሉ የሚገኙበት ስልክ የሚለውን አወጣዋለሁ። ምክንያት የሚለውንም አወጣዋለሁ፤ የሚጎድል መረጃ የለም፤ አክስቲቱም በሕይወት ትቆያለች። ልቦለድ ለሚጽፉት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ ሊቅ ያልሆነ፣ ያላበደ፣ ሟች የሌለው አንድ የደከመው ሰው ጻፉልን። አሥር ቀን ይረፍ፤ ተመልሶም ሥራው ይግባ።